የነጣው ባንዲራ

ማርቬላ ህሩሽካ ያን ቅዳሜ ጠዋት ኮላቾቹን፣ ማርማላታ የሞላባቸውን ጣፋጭ ዳቦዎች፣ ከምድጃ ስታወጣ ሁለቱን ወለሉ ላይ ጣለቻቸው። የፕሪም ማርማላታው ተፈናጥሮ ጫማዋ ላይ አረፈ። "ዛሬ እነግራቸዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ!" አለች ለድመቷ። ድመቷ ይህንኑ ፉከራ ሰባት ሳምንት ሙሉ ስትሰማው ከርማለችና ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ቀጥታ ወደ ወደቀው ኮላች ሄደች።

የሚነገረው ነገር ረጅም አይደለም። ሚስተር ትቬት ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን ነጭ ኦርኪድ ማርቬላ በገዛ አካፋዋ ነቅላዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን እስቲ ደፍሮ የሚናገረው ማን ነው? ሰውየው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሳይንስ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ስልሳ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ "ኦሪን" ብላ በስማቸው ልትጠራቸው ምላሷ እሺ አይላትም። በኦገስት ደግሞ ቤታቸውን ለቀው ኦማሃ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ያን አበባ ዘንድሮ ካላዩት መቼም አያዩትም።

ማርቬላና ሚስተር ትቬት ያሉበት የሜዳው ማኅበር ሰዎች አምስት ናቸው። የከተማው ሰው "ሳር ቆጣሪዎቹ" ይላቸዋል፤ እነሱም ስሙን ጠልተውት አያውቁም። ዙሪያውን በቆሎ የከበበውን፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቀውን ሜዳ ጸደይ ሲመጣ እሳት ይለቁበታል፣ ከዚያ አረሙን ይነቅላሉ፣ የተረፈውን ጊዜ ስለ ወፍና ስለ ሳር ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ። ሕጋቸው ለጉድ ነው። በአንድ መንገድ ሁለቴ አትሂድ፣ ሳሩ ተረግጦ መንገድ ያወጣል። ረባዳው ውስጥ ወፎች እንቁላል ከጣሉበት ቀን አንስቶ ጫጩት እስኪያሳድጉ ድረስ እግርህን አታስገባ። ቀይ ባንዲራ የተተከለበት አረም ነው፣ ቆፍረህ ጣል። ነጭ ባንዲራ የተተከለበት ብርቅ ነው፣ እጅህን ሰብስብ።

ይህን የባንዲራ ሕግ ያወጣው ሰው ግን አንድ ነገር ረስቷል። የኔብራስካ ፀሐይ አንድ ዓመት ከወረደችበት ቀዩም ነጭ ይሆናል። አባላቱ ይህን ያውቃሉ፤ "የነጣ ቀይ" ይሉታል። አካፋ ይዘው ሲዞሩ አሮጌ ነጭ ባንዲራ ካዩ "አምና ያልተነቀለ አረም ነው" ብለው ቆፍረው ያልፋሉ። እንግዲህ ማርቬላ በሜይ መጀመሪያ አንድ ብርዳም ጠዋት፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ገብታበት በማታውቀው በምሥራቁ ጥግ ላይ አንዲት የተቀዳደደች ነጭ ባንዲራ አየች። ሥሯ ገና ጣት የማያህል ቡቃያ ነበረ። "የነጣ ቀይ" አለች፣ አካፋዋን ሰደደች፣ ቡቃያውን ጆንያ ውስጥ ወረወረች። ባንዲራዋን ከሌሎቹ አሮጌ ባንዲራዎች ጋር በበርሜሉ ውስጥ አቃጠለቻት። ቤቷ ገብታ ሾርባዋን በላች።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ትቬት ነበሩ፤ ድምፃቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኗል።

"ማርቬላ! ብቅ ብላለች! ዛሬ ጎህ ሲቀድ በእጄ ዳስሼ አገኘኋት!"

"ማን?" አለች ማርቬላ።

"ኦርኪዷ ነቻ! ከባለቤቴ ከኢዴላ ጋር ያየናት! ለማንም ቦታውን አልነገርኩም፣ አንቺ ግን የአረም አለቃ ስለሆንሽ ልንገርሽ። በምሥራቁ ጥግ አንዲት አሮጌ ነጭ ባንዲራ አለች። እሷን ባንዲራ አደራ፣ ማንም እንዳይነካብኝ።"

አፈር በበላሁ! ማርቬላ ስልኩን እንዴት እንደዘጋችው አታውቅም። ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈችው። አርባ የሚሆን ቡቃያ ተጨማድዶ፣ ተላልጦ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተለጣጥፎ ወጣ። የቱ ኦርኪድ ነው? የቱ አረም ነው? ሻል ያለ ልስላሴ ያለውን አንዱን መረጠች፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለችው፣ በማግስቱ ወስዳ የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ መልሳ ተከለችው። በሦስተኛው ቀን ጠወለገ። በሳምንቱ ክር መሰለ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

እሷ ግን ማጠጣቷን አላቆመችም። ሥሩ ሕይወት ይኖረው ይሆናል ብላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክማ፣ በሕጉ መሠረት አንድ ቀን በዚህ አንድ ቀን በዚያ እየዞረች፣ ባዶ መሬት ታጠጣለች። ዘንድሮ ደግሞ ጁን ዝናብ ነፈገ፤ ምድሩ ደረቀ። የእሷ ጉድጓድ ብቻ ጭቃ እንደሆነ ከረመ። አጠገቡ ባልዲዋን ደፍታ ተቀምጣ "ውጪ እንጂ፣ ምን አለበት ብትወጪ" እያለች ትለምናለች። አዲስ ነጭ ባንዲራ ተክላ ዝም ማለትስ አልታሰባትም? ታስቧታል። ግን ባዶ መቃብር ላይ ባንዲራ መትከል ውሸት መስሎ ታያት። ስለዚህ አልተከለችም፤ አልተናገረችምም። ሰው ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው! እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዳ፣ ሦስቱንም ጊዜ ኮላች ሰጥታ ተመለሰች።

እነሆ ዛሬ የጁን የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። የማኅበሩ ታላቅ ቀን ነው፤ "የውዴ ቀን" ይሉታል። እያንዳንዱ አባል ከሜዳው ሁሉ አብልጦ የሚወደውን አንድ ነገር ለሌሎቹ ያሳያል። ቆርጦ ማምጣት ነውር ነው፤ ሰውን ወደ ነገሩ መውሰድ እንጂ። ሌላ ሰው ያሳየውን መድገም አይቻልም። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ከአባላቱ አንዷ፣ ክላሪስ፣ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓቷን ይዛ ትቆማለች። ማርቬላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተራዋ ሲደርስ "የዘንድሮው ይለፈኝ" ስትል ኖራለች። እኔ የማውቀው አረም ብቻ ነው፣ ምን ላሳይ ብላ ነው።

ፒክአፗን ሚስተር ትቬት በር ላይ ስታቆም ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። ከሜይ ወዲህ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ዓይናቸውም የመሃሉ ብርሃን ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያዩት፤ የሰው ፊት ለማየት ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ። እና ክራባት አስረዋል! አረንጓዴ፣ የሐር ክራባት!

"ለሜዳ ነው ክራባቱ?" አለች ማርቬላ።

"ዘጠኝ ዓመት የቀረ እንግዳ ነው የምቀበለው። ኢዴላ ናት የገዛችልኝ። ያን ዓመት አበባዋን አይታ በመከሩ አረፈች፤ አበባዋም አብራት መሬት ገባች። ይህቺ ዘር እንደዚህ ናት፣ ስትኮራ ስንት ዓመት ከመሬት በታች ትተኛለች።"

ማርቬላ ደግፋ መኪናው ውስጥ አስገባቻቸው። መኪናዋን ሳታስነሳ ተቀመጠች። "ሚስተር ትቬት፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ፈልጌ…"

"ጥሩ ነገር ከሆነ ንገሪኝ። መጥፎ ከሆነ እስከ ሰኞ ይቆይ፤ ዛሬ መጥፎ ወሬ አልቀበልም።"

"እ… ቀበቶዎን ይሰሩ ልልዎ ነው።"

"ታስሯል" አሉ ሚስተር ትቬት ደስ ብሏቸው። ማርቬላ በልቧ ራሷን እየረገመች ነዳች።

ሌሎቹ ሦስቱ አጥሩ ጋ ደርሰው ገና ሳይጀመር ተጣልተዋል። ክላሪስ፣ ሰማንያ ዓመት የሆናት የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሳር ወዳድ ናት። ድዌይን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ የወፍ ሰው። ትሪና ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ነፍሳት የተባለ ነገር ሁሉ ያሳብዳታል። የጠቡ ምክንያት ማን ይጀምር ነው፤ በየዓመቱም እሱው ነው።

"እኔ ነኝ የምጀምረው፣ ከሦስታችን የእኔ ዕድሜ ይቅደም" አለች ክላሪስ።

"አምና በዕድሜሽ ጀመርሽ፣ ካቻምናም በዕድሜሽ!" አለ ድዌይን።

"ታዲያ ከአምና ወዲህ ልጅ ሆንኩ እንዴ?"

ክላሪስ አሸነፈች። ሁሉንም ወደ አንድ ቁልቁለት ወሰደቻቸውና ድዌይንን "እግርህን አምጣ" አለችው። ጎንበስ ብላ ካልሲው ላይ ከተሰካው የሳር ፍሬ አንዱን መዘዘች፤ ጫፉ መርፌ ነው፣ ጅራቱ ስንዝር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ክር። "አልቆረጥኩም፤ ድዌይን ነው የሰረቀው" አለች። ከዚያ ያለ ምንም ይሉኝታ ምራቋን ቀባችውና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ፍሬው ዝም ብሎ ቆየ። ድንገት ጅራቱ መዞር ጀመረ፤ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ፣ እየተጠማዘዘ መዳፏ ላይ ዞረ።

"ጤዛ ሲነካው ይዞራል፣ ሲደርቅ ወደ ኋላ ይዞራል። ሲዞር ሲመለስ፣ ሲዞር ሲመለስ ራሱን በራሱ መሬት ውስጥ ይቀብራል። ዘሪ አይል፣ በሬ አይል! ስልሳ ዓመት አይቼው እስካሁን ይገርመኛል" አለች ክላሪስ። ሰዓቷ ጮኸ፤ እሷ ግን አልሰማችም፣ ወይም ያልሰማች መሰለች።

ቀጥሎ የድዌይን ተራ ነው። የአጥሩ እንጨት ላይ አንዲት ቀጭን አንገት ያላት ወፍ በየዓመቱ ታርፋለች፤ ከአርጀንቲና ድረስ በርራ የምትመጣ፣ ፉጨቷ መንገድ ዳር ቆሞ ሴት የሚለክፍ ጎረምሳ የሚያስንቅ። ድዌይን ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ጠበቀ። ጠበቁ። ወፏ የለችም። "ትናንት ነበረች! በዚችው ደቂቃ ነበረች!" አለ ላብ ላብ እያለው። ሰዓቱ ጮኸ። ድዌይን ተስፋ ቆርጦ ጀርባውን ሲያዞር "ፍዊይይይት—ፍዩዩው!" የሚል ፉጨት ከኋላው መጣ። ወፏ እንጨቱ ላይ አርፋ፣ ክንፎቿን ሰቅላ ለአፍታ ይዛ፣ ከዚያ በዝግታ አጠፈቻቸው። ሁሉም አጨበጨበ። "ሠላሳ አምስት ዓመት ፖስታ ሳድል ማንም እንደዚህ አፏጭቶልኝ አያውቅም" አለ ድዌይን ዓይኑን እየጠረገ።

"ማን ይፈርድባቸዋል?" አለች ክላሪስ።

ትሪና ያሳየቻቸው የሞተ አይጥ ነው። እውነቴን ነው። ትናንት ያስቀመጠችው አይጥ ዛሬ ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ ሰጥሟል፤ ከሥሩ ጥቁርና ብርቱካናማ የሆኑ ሁለት ጢንዚዛዎች አፈሩን እየዛቁ ያወጣሉ። "ባልና ሚስት ናቸው። ይቀብሩታል፣ ከዚያ ልጆቻቸውን ከእሱ እያጎረሱ ያሳድጋሉ። ልጆቹ ሲርባቸው እናትየዋ ፊት ቆመው ይለምናሉ!" አለች ፊቷ በርቶ። ክላሪስ አፍንጫዋን ይዛ ነበር፤ ስለ ማጉረሱ ስትሰማ ግን ለቀቀችና ተንበርክካ አየች። "ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ ልጅ አጉርሶ አያውቅም" አለች ለጢንዚዛው በአድናቆት።

ማርቬላ ከሁሉም ጋር ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አላለፈም። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ታውቃለች። ሚስተር ትቬት ክራባታቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ፣ ወደ ምሥራቁ ጥግ" አሉ።

በሕጉ መሠረት ተበታትነው ሄዱ። ማርቬላ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ እያለች አብራቸው ተራመደች። በየአሥር እርምጃው "አሁን" ትላለች በልቧ፤ በየአሥር እርምጃውም ያልፋል። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ጉልበት የደረሰው ሳር በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ሌላ ምንም የለም።

"ባንዲራዬ የታለች?" አሉ። "ማርቬላ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ባንዲራዬ የለችም?"

ከዚህ ወዲያ የሚቆይ ነገር አልነበረም።

"የለችም" አለች ማርቬላ። "እኔ ነቀልኳት። የነጣ ቀይ መስላኝ። ሥሯ የነበረውንም በአካፋ ቆርጬ ጣልኩት። እርስዎ የደወሉልኝ ዕለት ነው፤ ሲደውሉልኝ ነቅዬ ጨርሼ ነበር። መልሼ ተክዬው ነበር፣ ሞተ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፣ ምን ብዬ እላለሁ? ኢዴላ ያየችውን አበባ ገደልኩብዎ!" እዚያው ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ድዌይን ኮፍያውን አወለቀ። ሚስተር ትቬት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

"መልሰሽ ተከልሽው?" አሉ።

"አዎ።"

"ሞተ።"

"በሳምንቱ ሞተ። እኔ ግን ሥሩ ተስፋ ይኖረዋል ብዬ አጠጣዋለሁ።"

"እስከ መቼ አጠጣሽው?"

"እስከ ትናንት። ሁለት ሁለት ባልዲ፣ በየቀኑ።"

"ሰባት ሳምንት? ባዶ መሬት?"

ማርቬላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ሽማግሌው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትሪና ያለቀሱ መስሏት ሮጣ ልትደግፋቸው መጣች። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ ምርኩዙን እስኪጥሉ ሳቁ፣ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ እስኪወጣ ሳቁ።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማርኩ! እንዳንቺ ያለ ተማሪ ግን አልገጠመኝም! አንቺ ሴት፣ የትኛው ሞኝ ነው ሀብቱ ላይ ባንዲራ የሚተክለው? ድሮ ከወንዙ ማዶ ሁለት ኦርኪድ ሌባ ቆፍሮ ወስዶብኛል። ባንዲራዬን አይቶ ነው የመጣው! ከዚያ ወዲህ ባንዲራዬን አበባዋ ላይ ተክዬ አላውቅም። አርባ እርምጃ አርቄ ነው የምተክለው፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማማ ፊቴን አዙሬ ወደ ረባዳው እየወረድኩ እቆጥራለሁ።"

"ምን?" አለች ማርቬላ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እንደቆመ።

"ይህን ሁሉ ዘመን ዋሽተኸናላ!" ጮኸች ክላሪስ። "ኦሪን ትቬት፣ አንተ ቀጣፊ ሽማግሌ!"

"መቼ ዋሸሁ? ነጭ ባንዲራ ተከልኩ እንጂ አበባዋ እዚህ ናት አልኩሽ?"

"እና እኔ የነቀልኩት ምንድን ነው?" አለች ማርቬላ።

"ባንዲራዬ ሥር? ቱልት ሳይሆን አይቀርም፤ ተራ አረም።"

ድዌይን በሳቅ ወደቀ። "የአረም አለቃዋ! በአገሩ ቱልት የሚባል ዘር እንዳይተርፍ የማለችው! ሰባት ሳምንት ቱልት ስታጠጣ ከረመች!"

"ዝም በል አንተ፤ እሱም ቢሆን ሞቷል" አለች ማርቬላ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ራሷም አላወቀችም። ደስታው ድንገት ከሆዷ ተነስቶ እስከ ፀጉሯ ደረሰ። አልገደለችም! ሰባት ሳምንት የከበዳት ነገር እንዲህ በቀላሉ ይወርዳል? ተነስታ ሽማግሌውን አቀፈቻቸው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አቅፋቸው አታውቅም ነበር።

ሚስተር ትቬት ግን በመሃሉ ሳቃቸው ተቋረጠ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ከየት ነው የምቆጥረው?" አሉ ቀስ ብለው። "ባንዲራዋ ከሌለች አርባው እርምጃ ከየት ይጀመራል? እኔ ደግሞ እንደ ድሮው አላይ።"

ሁሉም ሜዳውን አዩ። አንድ ዓይነት ሳር፣ ከዚህ እስከዚያ። ክላሪስ "ረባዳው እኮ ትልቅ ነው" አለች በሹክሹክታ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች ማርቬላ። "ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ!"

ክንዳቸውን ይዛ ሃያ እርምጃ ያህል ወሰደቻቸው። ሳሩን ገለጥ ስታደርገው ቢራቢሮዎች ከመሬት ብድግ አሉ፤ አንድ ሁለት አይደሉም፣ ሃያ ይሆናሉ። የፊት ክንፋቸው ብርቱካናማ፣ የኋላው ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ትሪና ጮኸች፤ እነዚህን ቢራቢሮዎች በአንድ በጋ ሦስት ካየች ለዘመዶቿ ሁሉ የምትደውል ሴት ናት። ቢራቢሮዎቹ አንዴ ዞረው ተመልሰው እዚያው አረፉ። በዚያ ድርቅ ውስጥ በአካባቢው የነበረችው እርጥብ ቦታ እሷው ብቻ ናት፤ አንዲት የሳፋ አፍ የምታህል ጭቃ። የማርቬላ ጭቃ።

"እቺ ናት" አለች ማርቬላ። "ባንዲራዋ የነበረችው እዚች ላይ ነው።"

ሚስተር ትቬት ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ነኩት። እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ከዚያ ቀና ብለው ፊታቸውን ወደ ነጩ ማማ አዞሩ። "ድዌይን፣ ረባዳው ተፈቅዷል?"

"ጫጩቶቹ ሰኞ ዕለት በርረዋል። ተፈቅዷል።"

"አንድ" አሉ ሽማግሌው። "ሁለት። ሦስት…"

ሁሉም ከኋላ ሆኖ አብሮ ቆጠረ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። ቆሙ። ሳር። ሳር ብቻ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። "አለች?" አሉ። አራቱም ሳሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ንገሩኝ እንጂ፣ አለች?"

"የለችም" አለች ክላሪስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋት።

ማርቬላ እግራቸውን አየች፣ ምርኩዙን አየች። "በሜይ ሲቆጥሩ ምርኩዝ ይዘው ነበር?"

"ያኔማ እንደ ልቤ ነበር የምራመደው።"

"እንግዲያው ይህ አርባ ያኛው አርባ አይደለም። አሁን እኮ የሚራመዱት ግማሽ ግማሽ ነው! ኑ፣ ሰልፍ ያዙ!"

አራቱ እንደ አረም ለቀማ ቀን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ጣት ለጣት ተነካክተው ተሰለፉ። ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። ሰልፉ ወደ ማማው አቅጣጫ ቀስ እያለ ወደ ረባዳው ወረደ። ማርቬላ ሳሩን እንደ ሁልጊዜው ታያለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ዓይኗ የተማረው አንድ ነገር ነው፣ ሌላውን የማይመስለውን መለየት። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። በአሥራ አራተኛው ላይ ዓይኗ ተያዘ። ከሳሩ መሃል፣ ጭኗ ድረስ የሚደርስ ግንድ፤ እላዩ ላይ የሻሽ ጠርዝ የመሰለ፣ ዳር ዳሩ የተዘረዘረ ነጭ አበባ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት… አሥራ ሰባት አበባ!

"ሚስተር ትቬት!" ብላ የጮኸችው ጩኸት የድዌይንን ወፍ ከአጥሩ አስነሳት። "ኦሪን! ና!"

አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው ግን ሰምተዋል፤ በዚያ ጉልበታቸው ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም። ትሪናና ድዌይን ደግፈው አመጧቸው። አበባዋ ፊት ቆሙ። ቀጥ ብለው ሲያዩአት ምንም አላዩም፤ ከዚያ ፊታቸውን ከእሷ ወደ ጎን አዞሩ፣ እንደተቆጣ ሰው፣ በዓይናቸው ጠርዝ ይዘዋት ቆዩ። እንባቸው ክራባቱ ላይ ወረደ።

"እንደምን ከረምሽ" አሉ። ለአበባዋ ይሁን ለሌላ ሰው ማንም አልጠየቀም።

የክላሪስ ሰዓት ጮኸ። ክላሪስ ሰዓቱን ኪሷ ውስጥ ወትፋ ዝም አሰኘችው። ብዙ ቆሙ፤ ማርቬላ ያመጣችውን ኮላችም እዚያው ቆመው በሉት፤ ለድዌይን ወለል ላይ ከወደቁት አንዱ ደረሰው፣ ግን አልተነገረውም።

በመጨረሻ ክላሪስ አፏን ጠርጋ "በቃ፣ ማርቬላ ናት የቀረችው። የዘንድሮው ይለፈኝ ትላለች፣ ከዚያ ወደ ቤታችን" አለች።

"ማን አለ?" አለች ማርቬላ። "ነይ ተከተይኝ።"

ወደ ጭቃዋ መለሰቻቸው። ሰባት ሳምንት እዚያ ተቀምጣ ያየችውን ነገረቻቸው፤ ለማን ትነግረው ነበር? ቢራቢሮዎቹ የሚመጡት ነፋሱ ረገብ ሲል እንደሆነ፣ አንደኛዋ ክንፏ የተቀደደ እንደሆነና በየቀኑ ቀድማ እንደምትደርስ፣ አንዲት ትንሽ ንብ ከጭቃው እየጠፈጠፈች ይዛ ወዴት እንደምትሄድ፣ የድዌይን ወፍ አራት ጫጩት አስከትላ መጥታ አንድ ጊዜ ከጫማዋ አጠገብ እንደጠጣች። ድዌይን "አራት? አራት ነው ያልሽው?" እያለ ደብተሩን አወጣ። እሷ መናገሯን ቀጠለች፤ የምታውቀው አረም ብቻ አልነበረም ለካ። ትሪና ሰምታ ስትጨርስ "እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሳደርግ ነበር?" አለች።

ሚስተር ትቬት ማርቬላ ትናንት ሳሩ ውስጥ ደፍታ በተወችው ባልዲ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ሲያበቃ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት አዲስ ነጭ ባንዲራ አወጡ። "አሮጌዋን ልለውጥ ነበር ይዣት የመጣሁት" አሉ። "እኔ ኦማሃ ነኝ፤ ከእንግዲህ የአበባዋ ጠባቂ አንቺ ነሽ። የተደበቀችበትን በራስሽ እርምጃ ቁጠሪ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለእኔም ቢሆን፤ ሽማግሌ ወሬ አይቋጥርም። ደግሞ ባንዲራዋን ስታረጅ ለውጫት፣ የነጣ ቀይ እንዳትመስል።"

ማርቬላ ባንዲራዋን ጭቃው ላይ ተከለቻት። ቢራቢሮዎቹ ለአፍታ ተነስተው ተመለሱ። ሌሎቹ ጀርባቸውን አዙረው እንዲቆሙ አዘዘች፤ እየሳቁ ዞሩ። ፊቷን ወደ ማማው አዙራ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ አንድ ብላ ተነሳች። አበባዋ ጋ ደርሳ ቆመች፤ ተመልሳ መጣች።

"ስንት ሆነ?" አለ ድዌይን፣ አላስችል ብሎት።

"የዘንድሮው ይለፈኝ" አለች ማርቬላ፣ ባልዲዋንም አንስታ ሚስተር ትቬትን በክንዷ ደግፋ በአዲስ መንገድ ወደ መኪናው መራቻቸው።